ማንጎ የማጠብ ቅጣት

ዘገዬ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ይወዳል። አንደኛው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ግቢው ውስጥ የቆመችው ማንጎ ናት። ሁለተኛው ልክ መሆን ነው። ሚስቱን የሺአረግንም ይወዳታል፤ ግን እሷው ራሷ «እኔ ሦስተኛ ነኝ፣ ተራዬን አውቃለሁ» ትላለች፣ ቅር ሳይላት። ይሄን ሁሉ ዘመን አብሮ ኖሮ ተራውን የማያውቅ ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ሰውየው የምድር ባቡር ሰው ነው፤ የድሮው ባቡር። ሥራው ባቡሩ ሲቆም መዶሻ ይዞ ከሥሩ እያጎነበሰ የብረት እግሮቹን አንድ በአንድ ጠቅ ማድረግና ማዳመጥ ነበር። ጤነኛ ብረት ሲመቱት እንደ ደወል ይጮሃል፤ ስንጥቅ ያለው እንደ ነቃ ገንቦ ዱፍ ይላል። ሙያው ይሄው ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ ጆሮ የሌለው ሰው ቢይዘው ሕዝብ የጫነ ባቡር ገደል ይገባል። የዘገዬ ጆሮ ደግሞ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው። ኋላ ባቡሩ ጨርሶ ሥራ ሲያቆም ሰዎቹ ጡረታ ወጡ፤ የዘገዬ ጆሮ ግን ጡረታ የሚባል ነገር አልገባውም።

ከዚያ ወዲህ ያላንኳኳው ነገር የለም። የውሃ ታንከር ያንኳኳል፣ ሐብሐብ ያንኳኳል፣ ጎረቤት አዲስ ግድግዳ ሲያቆም ሳይጠሩት ሄዶ ያንኳኳል። አንዴ የሚስቱ ወንድም «ጉልበቴን ቆረጠመኝ» ቢለው መዶሻውን ሊያመጣ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። ሰውየው እዚያው ተሻለው።

ማንጎዋን የተከላት ራሱ ነው። ችግኟን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ቢዮ አዋሌ በአይሱዙ ላይ ከፍየሎች ጋር ጭኖ አመጣት፤ ፍየሎቹ መንገድ ላይ ግማሿን በሏት። በተረፈው ግማሽ አድጋ ይኸው ዛሬ ግቢውን ሙሉ ጥላ ታለብሳለች። ሌላ አገር ሰው የሚጠየቀው ሲታመም ወይ ሲሾም ነው፤ ድሬ ላይ ጥላ ያለው ሰው ይጠየቃል። ከቀትር በኋላ ሽርጡን ያገለደመ ሁሉ ከሥሯ ይሰበሰባል። ጫት የሚቅመው ይቅማል፣ የማይቅመው ወሬ ይቅማል።

እንዲህ የተከበረች ዛፍ ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማፍራት እምቢ አለች። ጥር ሲገባ አበባዋን ዘለላ ዘለላ አድርጋ ታወጣለች፤ ሰዉ ምራቁን ይውጣል። ከዚያ አበባው ነጭ ነገር ይለብሳል፣ ይጨማደዳል፣ ይደርቅና እንደ ገለባ ይረግፋል። የሺአረግ ትጠርጋለች። በነጋታው እንደገና ትጠርጋለች።

«ስማ» አለችው በገና በዓል ሰሞን። «ሁለት ዓመት የማንጎ ጥራጊ እንጂ ማንጎ አላየሁም። እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ብንሠራ፣ ተከራይ ቢያንስ አበባ አያራግፍም።»

«ዛፍ እኮ ናት፣ የሺ።»

«ዛፍ ከሆነች ታፍራ። ፋሲካ አልፎ ፍሬ ካላየሁባት ግንበኛ አስገባለሁ። ጨርሻለሁ።»

የሺአረግ «ጨርሻለሁ» ካለች ጨርሳለች። ዘገዬ ይሄን ያውቃል። በዚህች አገር የማይሻር ቃል አንድ እሱ ብቻ ነው።

ጥር ገባ፣ አበባው ወጣ፣ ነጩ ነገር መጣ። ዘገዬ መዶሻውን ይዞ ወጣ። ግንዷን ከታች እስከ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፤ ሁለት ቅርንጫፎች ላይም ወጥቶ ሞከረ። ድምጿ ሙሉ ነው፤ ውስጧ አልቦረቦረም፣ አልተሰነጠቀም። ከዛፉ ወርዶ ላቡን ጠረገና ፍርዱን ሰጠ፦

«ዛፏ ጤነኛ ናት። ስለዚህ በሽታው ከውጭ ነው የሚመጣው።»

ከውጭ ሲባል ደግሞ አጥሩ ማዶ ያለው ቢሌ ነው። ቢሌ ብሎኬት ያመርታል። ማሽኑ ጠዋት ከተነሣ የሰፈሩን ጥርስ ሁሉ ያንቀጫቅጫል፤ ሲሚንቶው ደግሞ ይቦናል። ቢሌ ራሱ ሥራ ውሎ ሲወጣ ሊጠበስ በዱቄት የተለወሰ ዓሣ ይመስላል። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት አንድ አጥር ተጋርተው፣ የአንዱ ዶሮ የሌላው ግቢ እንቁላል ጥላ እንኳን ተጣልተው አያውቁም።

«ወሪያ ቢሌ!» አለ ዘገዬ በአጥሩ ላይ። «አቧራህ ዛፌን ገደላት!»

«አቦ ተወኝ» አለ ቢሌ። ይሄ ድሬ ላይ መልስ ነው፤ ዘገዬ ግን መልስ አልመሰለውም፣ ሽማግሌ ጠራ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጋሽ ዘርዓብሩክ ነው፤ በባቡሩ ዘመን ትኬት ቆራጭ ነበር፣ አሁን ሰፈሩ ውስጥ ዳኛ ነው። ሁለተኛዋ ሸፊቃ ናት፤ ከመጋላ ገበያ ጨርቅ እያመጣች የምትሸጥ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል የሚፈራት ሴትዮ። ችሎቱ የተቀመጠው ማንጎዋ ሥር ነው። ሌላ ጥላ የለም።

«ድሬ ውስጥ አቧራ መታወቂያ አለው እንዴ?» አለ ቢሌ። «የኔ መሆኑን ምኑ ላይ አነበብከው?»

«ነጭ ነው» አለ ዘገዬ።

«ነጭ ሁሉ የኔ ነው? የሸፊቃም ፀጉር ነጭ ነው፣ እሱንም እኔ ነኝ ያቦነንኩባት?»

«ፀጉሬን ተው» አለች ሸፊቃ። «ሂና ነው የጎደለው።»

«ግንዷን አንኳኩቻለሁ» አለ ዘገዬ፤ በሱ ቤት ማስረጃው አለቀ። ከሰፈሩ ሰውም የተከራከረው የለም። ስለ ዛፍ ማን ያውቃል? ስለ አቧራ ግን ድሬ ላይ የማያውቅ የለም፤ አቧራ ጠጥተን ነው ያደግነው። ነጭ ነገር ቅጠል ላይ ካየህ አቧራ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ጋሽ ዘርዓብሩክ ጉሮሮውን ጠረገ። «አቧራው የማን እንደሆነ ፈጣሪ ያውቃል። እኛ የምናውቀው አቧራ በውሃ እንደሚታጠብ ነው። ቢሌ፣ ለብሎኬቱ ውሃ የምታጠጣበት ረጅም ጎማ አለህ። ማታ ማታ ብሎኬትህን ስትጨርስ ጎማውን በአጥሩ ላይ አሻግረህ ይችን ዛፍ ከነአበባዋ ታጥባታለህ። አበባው ፍሬ እስኪሆን ድረስ። ፍርዱ ይሄ ነው።»

ቢሌ ሰማይ ሰማይ አየ። «ሐዬ» አለ በመጨረሻ። «ተቀብያለሁ።» ዱዓ ተደረገ፣ አባታችን ሆይ ተባለ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ቢሌ ደግሞ የተቀበለውን ፍርድ አያጎድልም፤ የአባቶቹ ወግ ነው። ያን ቀን ማታ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ እየተሳደበ ነበር የሚያጥባት። በሁለተኛው ሳምንት ስድቡ በሶማልኛ ሆነ፤ በኋላ ስድቡ ቀረና ወሬ ብቻ ሆነ። አጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ ጎማውን ከዘለላ ወደ ዘለላ እያዞረ፣ ስለ ሲሚንቶ መወደድ፣ ስለ ጭነት መኪናው ሁሉ ያወራላታል። ሚስቱ ኢዲል በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ትታዘባለች።

«ልጆቹን አንድ ቀን እንዲህ አላጠባቸውም» ትላለች ለየሺአረግ።

«ልጆቹ ላይ አልተፈረደበትማ» ትላለች የሺአረግ።

የካቲት ሳይገባ ነው ጥቁሩ የመጣው። ነጩ ነገር ትንሽ ቀነስ ያለ መስሎ ነበር፤ ታዲያ ዘገዬ ደረቱን ነፍቶ ሳይጨርስ የአበባው ዘንጎች ላይ ቁንጫ የሚያህሉ ጥቁር ነጥቦች ታዩ። ነጥቦቹ ሰፉ፣ ተገጣጠሙ፣ ዘለላው እንዳለ እንደተቃጠለ ክብሪት ጠቆረ። የሚረግፈው አበባ ከአምናው በለጠ። የሺአረግ መጥረጊያዋን ይዛ ዛፏን ታይና ዝም ትላለች። ዝምታዋ ከ«ጨርሻለሁ» ይከፋል።

ዘገዬ አሁንም ልክ ነው። «ውሃው ውስጥ ሲሚንቶ አለ» አለ። «በዚያ በቆሸሸ በርሜሉ ነው የሚያጥባት።» ይሄንን በመንግሥት ሰው አፍ ማስመስከር ፈለገ። የታመመ ዘለላ ከነቅጠሉ ቆርጦ ፌስታል ውስጥ ከተተ፤ እንዳይጠወልግ ብሎ ውሃ ረጨበትና ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ነገር ግን ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ፌስታሉ ማድ ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ሰኞ ሰነበተ።

ሰኞ በባጃጅ ግብርና ቢሮ ሄደ። የተክል በሽታ የሚታይበት ክፍል ውስጥ ስምረት የምትባል ልጅ አገኘ፤ የድሬ ልጅ ናት፣ በዕድሜ ልጁ ልትሆን ትችላለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ የታመመ ቅጠል እንጂ ወረቀት የለም። ፌስታሉን ፈታችው፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ አሸተተችው፣ በማጉያ መነጽር አየችውና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ እንዲህ አርጥበህ አስረህ እንድታቆየው ማን ነገረህ?»

ስድብ ይሁን ሙገሳ ስላልለየ ዘገዬ ተጠነቀቀ። «ምነው?»

«ጎበዝ ነህ! እኛም የምናደርገው ይሄንኑ ነው። ሻጋታ እርጥበት ሲያገኝ ራሱን ያጋልጣል። ና እይ፣ ጥቁሩ ላይ ቀላ ያሉ ጠብታዎች፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰሉ፣ ታዩህ?»

ታዩት። «ልምድ ነው» አለ ዘገዬ።

«እነዚህ የሻጋታው ዘሮች ናቸው። አንትራክኖዝ እንለዋለን። ከዘለላ ወደ ዘለላ የሚሄደው በውሃ ነው፣ በጠብታ እየተፈናጠረ። ግን እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ይሄ የዝናብ በሽታ ነው፤ ድሬ ላይ ደግሞ ጥር ሙሉ ጠብ አላለም። ውሃ ከየት አገኘ?»

ዘገዬ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ ምንም አልተጻፈም።

«ማታ ማታ እናጥባታለን።»

«ማንን?»

«ማንጎዋን።»

«ለምን?»

«ፍርድ ነው» አለ ዘገዬ፤ ከአቧራው ጀምሮም ሁሉንም ነገራት። ልጅቱ አልሳቀችም። መነጽሩን ስትወለውል ግን ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«ነጩን ነገር ግን አቧራ ነው ያለህ ማን ነው?»

«ግንዷን አንኳኩቻለሁ። ድምጿ ጤነኛ ነው።»

«ጋሼ፣ ሻጋታ ድምፅ የለውም። እንጀራ ሲሻግት ሰምተህ ታውቃለህ?»

አልሰማም። 

«እኔም አንድ ዘለላ አይቼ ስለ ዛፏ ሙሉ አልምልልህም» አለች ስምረት። «ሄደህ አንተው እይልኝ። አቧራ አይመርጥም፤ ያረጀውም አዲሱም ቅጠል ላይ እኩል ይተኛል፣ ከላይ በኩል። ዱቄት የመሰለው ሻጋታ ግን መራጭ ነው፤ አበባና ለጋ ቅጠል ይወዳል፣ የቅጠሉ ጀርባ ሁሉ ይገባል። አቧራ እፍ ስትለው ይሄዳል። ሻጋታው እፍ ብትለው አይሄድም፤ በጣት ስትጠርገው ከሥሩ ቡናማ ጠባሳ ታያለህ። ደግሞ አጥሩ አጠገብ ሌላ ተክል አለህ?»

«ፓፓያ አለች። እንዲያውም ለቢሌ ማሽን እሷ ትቀርባለች።»

«አቧራ ለብሳለች?»

«ሁልጊዜ።»

«ታፈራለች?»

ዘገዬ የፓፓያዋን ፍሬ ለጎረቤት አድሎ የማይጨርስ ሰው ነው።  አመስግኖ ወጣና ባጃጅ ሳይዝ ጥቂት በእግሩ ሄደ፤ በድሬ ፀሐይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ብር የለውም ወይ ነገር ገብቶታል።

ቤት ሲደርስ መሰላል አቆመ። የሺአረግ ለስፌት የምታደርገውን መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ ወጣ። ዕድሜ ልኩን በጆሮው የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ነው ማንጎዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት። ያረጁት ቅጠሎች ላይ አቧራ አለ፣ አዎ፤ እፍ ሲለው ተነሣና ሄደ፣ ከሥሩ ቅጠሉ እንደ ሰንሰል አረንጓዴ ነው። ለጋዎቹን ገለበጠ። ጀርባቸው ላይ፣ አቧራ ከታች ወደ ላይ ካልዘነበ በቀር ሊደርስበት የማይችል ቦታ ላይ፣ ነጩ ነገር እንደ ጥጥ ብናኝ ተኝቷል። እፍ አለው፤ ንቅንቅ አላለም። በጣቱ ጠረገው፤ ቡናማ ጠባሳ ቀረ። አበባው ዘንግ ላይም እንዲሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዓይኑ ሥር ነበረ።

«ምን አየህ?» አለች የሺአረግ ከታች፣ መሰላሉን ይዛ።

«እያየሁ ነው» አለ ዘገዬ። ይሄንን መልስ ከአፉ ሰምታ ስለማታውቅ ፀሐይ መታው ብላ ውሃ ልታመጣ ሄደች።

ነገሩ እዚህ ላይ ግልጽ ነበር። በየማታው የሚፈሰው ውሃ ጥቁሩን ከዘለላ ወደ ዘለላ ይዞ ይዞራል፤ ቶሎ ካልቆመ ማንጎዋ ላይ ደህና ዘለላ አይቀርም፣ ፋሲካ ይመጣል፣ ግንበኛው ይገባል። ውሃውን ለማስቆም ደግሞ «ተሳስቻለሁ» ማለት ያስፈልጋል። ዘገዬ ይህቺን ቃል ሳይነካ ለማለፍ ያልሞከረው መንገድ የለም።

መጀመሪያ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ቢሌ፣ በቃ፣ ምሬሃለሁ።»

«ምን ምሬሃለሁ? አበባው ፍሬ እስኪሆን ተባለ። ፍሬ ሆነ?»

«አልሆነም፤ ግን ደክሞሃል።»

«አልደከመኝም» አለ ቢሌና ጎማውን ከፈተ።

በማግስቱ ዘገዬ «ውሃ ይጠፋል ተብሏል፣ ቆጥብ» አለው። ቢሌ በርሜል ሞላ። በሦስተኛው ቀን ዘገዬ ጎማው ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ሲገኝ፣ ያገኘችው ኢዲል ነበረች፤ ድንጋዩን አየችው፣ እሱን አየችው፣ «አያ ዘገዬ፣ አሞሃል?» አለችው። ድሬ ላይ መቼም «አንቱ» የለም፤ ባቡሩ ሳያወርደው ያለፈ ዕቃ ነው። «አንተ» መባሉ አያሳፍርም፤ እንዲህ መጠየቁ ግን ያሳፍራል።

«ቢሌ» አለ በመጨረሻ። «እውነቴን ነው፣ ውሃውን አቁም። አይጠቅማትም።»

ቢሌ ጎማውን ዝቅ አደረገ። «ወላሂ፣ እኔም ጥቁሩን አይቻለሁ፣ ደስ አላለኝም። ግን የተፈረደብኝ ሽማግሌ ፊት ነው። ሽማግሌ ያሰረውን ሽማግሌ ይፍታው። ነገ ዛፏ ብትደርቅ ‹ቢሌ ቅጣቱን አቋርጦ ነው› እንድትሉኝ ነው?»

ትክክል ነበር። ዘገዬ ይሄን ሲያውቅ የባሰ ከፋው፤ ልክ የሆነው ሌላ ሰው ነዋ።

ችሎቱ እንደገና ማንጎዋ ሥር ተቀመጠ። ዘርዓብሩክ ወንበሩ ላይ፣ ሸፊቃ ሰሌኗ ላይ፣ ፀጉሯ ሂና ተቀብቶ። የጠቆረ አበባ በየመሀሉ ትከሻቸው ላይ ይወድቃል። ዘገዬ ቆመ። ለባቡር እንኳን እንዲህ ቆሞ አያውቅም።

«አቧራው አይደለም» አለ።

«ምኑ?» አለ ዘርዓብሩክ።

«ዛፏን ያሳመማት አቧራው አይደለም። ሻጋታ ነው። ነጩ አንድ ሻጋታ ነው፣ ጥቁሩ ሌላ ነው። ጥቁሩን ያመጣው ማጠቡ ነው። እንድትታጠብ ያስፈረድኩት እኔ ነኝ። ቢሌ ምንም የለበትም። ተሳስቻለሁ።»

 የቢሌ ማሽን እንኳን ቆሞ ነበር፤ ሠራተኞቹ አጥሩ ላይ ተደርድረዋል።

«ድገመው» አለ ቢሌ።

«ተሳስቻለሁ።»

«ኢዲል! ነይ ስሚ! ድገምላት።»

ደገመላት። የሺአረግም ከማድ ቤት ወጥታ «እኔ አልሰማሁም» አለች። ደገመላት። ሸፊቃ «እኔ በዚህ ጆሮዬ ብዙም አልሰማም» ብላ ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አስዞረችው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ቢሌ ብቻ ሳይስቅ ቀና ብሎ የጠቆሩትን ዘለላዎች እያየ ነበር።

«እኔ ነኝ እንዴ ያሳመምኳት?» አለ ቀስ ብሎ። «ወድጃት እኮ ነበር።»

«አንተ አይደለህም» አለ ዘገዬ። «አንተ ያልኩህን ነው ያደረግከው። ዓይን እያለኝ ያላየሁት እኔ ነኝ።»

ዘርዓብሩክ የበፊቱን ፍርድ አነሣ። ከዚያ ሸፊቃ እጇን አወጣች። «በሐሰት የተፈረደበት ሰው ካሳ አለው። ዘገዬ ዛፏ ፍሬ እስክትይዝ ማታ ማታ የቢሌን ብሎኬት ውሃ ያጠጣ። ብሎኬት ሻጋታ አያወጣም።» ዱዓውም አባታችን ሆይም እንደገና ሆነ።

ስምረት በነጋታው ራሷ መጣች፤ ዛፏን ዞራ ዞራ አየቻት። ያለችው ብዙ አልነበረም። የጠቆረውና ነጩ የያዘው ዘለላ ሁሉ ይቆረጥ፤ መሀሏ ላይ የተጨናነቀው ቅርንጫፍ ይሳሳ፣ ነፋስና ፀሐይ ይግባላት፤ የረገፈው ሁሉ ተጠርጎ ይቃጠል። አዲሱ አበባ ብቅ ሲል ድኝ በውሃ ተበጥብጦ ይረጭ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፤ ረፋድ ላይ ከሆነ የድሬ ፀሐይ ከድኙ ጋር ተባብሮ ቅጠሉን ይጠብሰዋል።

«አበባውን ሁሉ ቆርጠን ከምን ታፈራለች?» አለ ቢሌ፣ ደንግጦ።

«ገና ብርዱ ስላልወጣ ሁለተኛ ልታወጣ ትችላለች። ማንጎ ላይ ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት፣ ጋሼ፣ ቃል አልገባም።»

ቢሌ አንዱን መሰላል፣ ዘገዬ ሌላውን ይዘው ቆረጡ። የሺአረግ ከታች እየሰበሰበች «እኔ የምጠርገው ለመጨረሻ ጊዜ ነው» ትላለች፤ ምን ለማለት እንደሆነ ሁለቱም ለመጠየቅ አልደፈሩም። ሲጨርሱ ማንጎዋ ፀጉሩን እንደተላጨ ምልምል ወታደር አንገቷ ወጣ። ጥላዋ እንኳን ቀዳዳ ሆነ። ዘገዬ ቀን ቀን ያያታል፣ ማታ ማታ ብሎኬት ያጠጣል። ብሎኬት ማጠጣት እንዲህ የሚያስተክዝ ሥራ መሆኑን ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር።

መጋቢት ሊገባ ሲል ከጫፎቹ ላይ ቀይ ቡቃያ ወጣ። ዘገዬ ቅጠል ነው ብሎ ተወው፤ እየቆየ ሲያየው ዘለላ ነው። ጠዋት ጠዋት ጎህ ሳይለይ ድኙን ይረጫሉ፤ ሰፈሩ በክብሪት ሽታ ይነቃል፤ ለጋዎቹን ይገለብጣሉ፣ እፍ ይላሉ። ንጹሕ። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነጭ ነገር አዩ፤ ተጨቃጨቁ፣ እፍ አሉት፣ ሄደ። አቧራ ነበር፤ የቢሌ ነው። ቢሌ ይሄንን ሰፈር ሁሉ ዞሮ ተናገረ፣ ደስ ብሎት።

ከዚያ ፍሬው ያዘ። አተር የምታክል፣ አረንጓዴ፣ በየዘለላው ላይ ጥቅጥቅ ብላ። ዘገዬና ቢሌ፣ ሽማግሌ የሚያህሉ ሰዎች፣ ሥሯ ቆመው አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ፣ አላፊ አግዳሚው ምን ወደቀ ብሎ ቀና ይላል።

ፋሲካ አለፈ። ግንበኛው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ፍሬው መርገፍ ጀመረ። ቢሌ በእፍኙ ሞልቶ የወደቁትን ይዞ ሲመጣ ፊቱ እንደ ሲሚንቶው ነጥቷል። ዘገዬ ስልክ አነሣ።

«ስምረት፣ እየረገፈ ነው።»

«ፍሬው ላይ ጥቁር ነገር አለ?»

ሁለቱም መነጽሩን እየተቀባበሉ አዩ። «የለም። ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያው አትጨነቁ። ሁሉንም ማሳደግ አትችልማ፤ የማትችለውን ትጥላለች። ዘለላው ላይ አንድ ሁለት ቢቀር ብዙ ነው።»

ቢሌ ስልኩን ነጠቀ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ዛፏን ጠይቃት» አለች ልጅቱ።

በማግስቱ ግንበኛው ሜትሩን ይዞ መጣ። ቀኑ ድሬ የምትታወቅበት ዓይነት ነበር፤ አስፋልቱ ላይ እንቁላል ይጠበሳል። የሺአረግ ስፌቷን አስቀመጠች፣ መነጽሯን ከባሏ ተቀበለችና መሰላሉን ራሷ ወጣች። ዘገዬ ከታች ያዘላት። ቢሌ አጥሩ ላይ ነበር።  ከላይ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ አንድ ዘለላ ገለጥ፣ ሌላ ገለጥ። ቆየች። እንዲህ መቆየቷ ጥሩ ይሁን መጥፎ ዘገዬ ሊያውቅ አልቻለም።

ወረደች። ቀሚሷን አራገፈች። «እንቁላል እንቁላል ያክላሉ» አለች፣ የሆነ ሰው የተከራከራት ይመስል። «ጀርባቸውንም አይቻለሁ። ንጹሕ ናቸው።»

«ታዲያ ግንበኛውስ?» አለ ዘገዬ።

ዞረው አዩ። ግንበኛው ሲጠብቅ ማንጎዋ ሥር ሰሌኑ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ጥላው ደግሞ ድሬ ላይ በዚያ ሰዓት ሰው የሚጣላበት ዓይነት ጥላ ነው። ሜትሩን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ አፉን ከፍቶ፣ ተኝቷል።

የሺአረግ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አትቀስቅሱት። ሲነሣ ይሂድ።»